የቤዝ ጊታሬን አንገት ልፍታው ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖች፣ ጎንደር ነው ያለሁት። ከአምስት ወር በፊት ያገለገለ ቤዝ ጊታር ገዛሁ። ጊታር ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጃዝ ቤዝ አምሳል የተሠራ ነው፤ ዋጋው ርካሽ፣ መልኩ የድሮ። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ነው የመረጥኩት፣ አሁንም እወደዋለሁ።

ክረምቱን ደህና ነበር። ዝናቡ አቁሞ አየሩ ሲደርቅ ግን ወፍራሙ ክር ከአንደኛው እስከ አራተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ያሉት ብረቶች) ድረስ ዝዝዝ ማለት ጀመረ። ትናንት ማታ ከማሲንቆ ጋር ትዝታ ስንለማመድ ዜማውን አበላሸብን። አንድ ሱቅ ወስጄው ክሩን ከድልድዩ (አካሉ ላይ ክሩ ከሚያርፍበት) በኩል ከፍ አደረጉልኝ፤ ዝዝታው አልጠፋም፣ ላይኛው ፍሬት ላይ ግን ለመጫን ከበደኝ።

ክሩን አንደኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኜ መሀሉን አየሁት። ሰባተኛው ጋ ክሩ ከብረቱ ተጣብቋል፣ ወረቀት እንኳ አያስገባም። አንገቱ ወደ ኋላ ጎብጧል፣ ውስጡ ያለው፣ የክሩን ጉተት የሚቋቋመው የብረት ዘንግ ትንሽ መላላት አለበት ማለት ነው። እስከዚህ ገብቶኛል።

የጨነቀኝ፣ እንደ ድሮዎቹ ስለሆነ የዘንጉ ማስተካከያ ያለው አንገቱና አካሉ የሚገናኙበት ጋ ነው፤ አራቱን ብሎን ፈትቼ አንገቱን ካላወጣሁ ካቻቢቴ አይደርስበትም። ስመልሰው የእንጨቱ ቀዳዳ ቢላላስ? ደግሞ በቅርቡ ክሩን ከ45-105 ውፍረት ወደ ቀጭኑ 40-95 ቀይሬያለሁ፤ ወፍራሙን ብመልስ ጉተቱ ብቻውን ያስተካክለው ይሆን? መፍታቱ ግድ ከሆነስ፣ ሩብ ዙር አላልቼ ላሳድረው?

ለጥምቀት እንጫወታለን፣ የሞከራችሁት ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ።