ማጨጃውን ሳስነሳ "ጓ!" ይላል፤ ቡሎን ፈጀብኝ

የሱሉልታው፦
ሰላም ወገን። ድርቆሽ አጭደን እንሸጣለን። ትራክተሩ ማሲ 290 ነው፣ የአባቴ። ዘንድሮ ያገለገለ ባለ ሁለት ከበሮ ማጨጃ ገዛን። ፒቲኦውን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለማጨጃው የሚሰጠውን፣ ሳስገባ "ጓ!" ይልና ትራክተሩ ራሱ ይንገጫገጫል። በመጀመሪያው ሳምንት የካርዳኑን (ፒቲኦውን ከማጨጃው የሚያገናኘውን ዘንግ) ቡሎን ሦስቴ በጠሰው። ሲሰለቸኝ ጠንካራ ቡሎን ገዝቼ አሰርኩበት። ቡሎኑ እንኳን አልተበጠሰም፤ በማግስቱ የካርዳኑ መታጠፊያ ላይ ያለው ክሮቸራ ለሁለት ተሰነጠቀ! ጥቅምት ገብቷል፣ ሣሩ ደርሷል፣ ወረፋ የያዙ ጎረቤቶች አሉ። እናንተ እንዴት ነው የምታስነሱት? እኔ ጉልበት እንዲያገኝ ብዬ ነዳጁን ከፍ አድርጌ ነው የማስገባው።

አሮጌ ሾፌር፦
ልጄ፣ ጥፋትህን መጨረሻ ላይ ራስህ ተናገርከው። ከበሮዎቹ ከባድ ናቸው፣ ደግሞ ቆመዋል። የሚጋልብ ሞተር ድንገት ስታገናኝባቸው ዱላው ካርዳኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሞተሩን ሚኒሞ (ዝቅተኛው ዙር) ላይ አድርግ፣ ማርሹን ዜሮ። ሣር ውስጥ ገብተህ አታስነሳ፤ የታጨደ ቦታ ላይ ሆነህ ማጨጃውን ትንሽ ከመሬት አንሳው። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጥ። የ290 ፍሪሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ ግማሽ ስትረግጥ የሚቋረጠው የጎማው ብቻ ነው፣ ፒቲኦው የሚለቀው ከዚያ በታች ነው። በግማሽ እግር እያስገባህ እንዳይሆን ጠርጥር። ካስገባህ በኋላ እግርህን ቀስ አድርገህ አንሳ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እዚያች ጋ እግርህን ያዝ! ከበሮው መዞር ይጀምራል፣ የሞተሩ ድምፅ ይመለሳል፣ ያኔ ቀሪውን ልቀቅ። ነዳጁን ቀስ እያልክ ፒቲኦውን በደቂቃ 540 ዙር ላይ አድርሰው፣ ከዚያ ወደ ሣሩ።

ግራሶ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ቡሎኑ ልጨምር። እሱ የተሠራው እንዲበጠስ ነው! የድሮው ጭንቅላት ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ካለ 8.8 ግዛ፤ ጠንካራውን 10.9 ካስገባህ ቀጥሎ የሚሰበረው ክሮቸራ ወይም የማጨጃው ማርሽ ነው። ካርዳኑ ያገለገለ ስለሆነ ርዝመቱንም እይ። ሞተሩን አጥፍተህ ማጨጃውን ከፍና ዝቅ አድርግ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡት የካርዳኑ ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ ከተጋጩ ረዝሟል። ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ክሮቸራ የሚይዙት ሁለቱ ሹካዎችም በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ፈቶ የገጠመው ሰው አዙሮት ከሆነ ምንም ቀስ ብትል ይንቀጠቀጣል።

እማማ ወተት፦
የካርዳኑ ፕላስቲክ ሽፋን አለ ወይ? በጠዋት ብርድ ጋቢ ደርቦ አጠገቡ የሚቆም አይጠፋምና። ስታቆምም መጀመሪያ ሚኒሞ፣ ከዚያ ፒቲኦውን አውጣ። ከበሮው ራሱ እስኪቆም ማንም አይጠጋ።

የሱሉልታው፦
ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እውነትም በግማሽ እግር ነበር የማስገባው። ዛሬ ስድስቴ አስነሳሁ፣ አንዴም "ጓ" አላለም። ድምፁን ለመስማት ግን ሬዲዮ መዝጋት ነበረብኝ፤ አባቴ "ጨዋታው ሊያልቅ ሲል!" ብሎ ተቆጣ። @ግራሶ፣ ካርዳኑ ረዝሟል፤ ማጨጃውን ሳነሳው ጫፉ ይነካል። ሁለቱንም ቱቦ እኩል ነው የምቆርጠው?

ግራሶ፦
አዎ፣ ሽፋኖቹንም ጭምር። ግን ማጨጃው ሥራ ላይ ሲሆን ቱቦዎቹ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ያህል ተደራርበው ይቅሩ። ከቆረጥክ በኋላ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰህ ግራሶ ቀባው።