ክርክር፦ የደላንታ ኦፓል በብሎክቼይን ይመዝገብ?

አስተባባሪ፦ ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና ላይ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ መውጣት ከጀመረ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ቅሬታው ያው ነው፤ ቆፋሪው ገደል ለገደል ቆፍሮ በርካሽ ይሸጣል፣ ትርፉ ሌላ ቦታ ይቀራል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ በብሎክቼይን፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተባዝቶ በሚቀመጥና አንዴ የተጻፈበት በማይፋቅ ዲጂታል መዝገብ፣ ቢመዘገብ ይጠቅመዋል ወይ?

ሶፍትዌር ሠሪ፣ ኮምቦልቻ፦ እንዴታ! የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዮርዳኖስ አዝራቅ መጠለያ ስደተኞች ዓይናቸውን እያስነበቡ ከሱቅ አስቤዛ እንዲወስዱ አድርጓል። ሂሳቡ ብሎክቼይን ላይ ነው፤ የባንክ ኮሚሽን በእጅጉ ቀነሰ። መብራት ይጨርሳል ለምትሉም፣ ኢቴሪየም የተባለው ትልቅ የብሎክቼይን መረብ በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ቀይሮ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ድንጋይ ቆራጭ፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ ምሳሌህ አይገጥምም። አዝራቅ ላይ መዝገቡ ራሱ ገንዘቡ ነው፤ ሰጪውም መዝጋቢውም አንድ ድርጅት። እዚህ የምትመዘግበው ድንጋይ ነው፣ ያውም ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ። የወገል ጤናን ኦፓል ውሃ ውስጥ ብትነክረው ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ክብደቱም እስከ 10 በመቶ ገደማ ሊጨምር ይችላል። ጠዋት ርጥቡን መዝነህ ከመዘገብክ፣ ማታ የደረቀውን የሚመዝን ገዢ «ጎደለ» ይልሃል። ጭስ አጠጥተው አጥቁረው ከስታይሽ የወጣ የተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል ነው ብለው የሚሸጡም አሉ። ስቆርጠው ደግሞ አንዱ ጥሬ አራት ይሆናል፣ ብዙው ዱቄት ሆኖ ይሄዳል። ሰንሰለትህ የተጻፈበትን አያስፍቅም እንጂ ውሸት አትጻፉ አይልም።

ሶፍትዌር ሠሪ፦ እሱስ እውነት ነው ጋሼ። እንግዲያው ነጠላውን ትተን ከረጢቱን እንመዝግብ። ድንጋዩ በደረቅ ክፍል ይቀመጥ፤ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለቴ ተመዝኖ ክብደቱ እኩል ሲመጣ ብቻ ቁጥር ባለው ማሸጊያ ይታሸግ። ፎቶ ይነሳ፣ ማኅበሩና ገዢው በየስልካቸው ዲጂታል ፊርማ ያኑሩ። ኔትወርክ ባይኖርም ችግር የለም፤ የቀኑ መዝገብ ሁሉ ማታ ወደ አንድ ሃሽ (ፋይሉ በትንሹም ቢነካ የሚለወጥ አጭር የፊደልና የቁጥር አሻራ) ተጠቃሎ አንዴ ብቻ ይላካል። የሰው ስም ሰንሰለቱ ላይ አይወጣም፤ አንዴ ከወጣ አይሰረዝማ።

የማኅበር ሂሳብ ሠራተኛ፣ ወገል ጤና፦ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ፋይሉ ይጨመቃል፣ ሃሹ አይገጥምም፤ እንደ ፋይል ነው መላክ ያለበት። የዲጂታል ፊርማው ምስጢራዊ ቁልፍም ለሊቀመንበሩ ብቻ አይሰጥ፤ ስልኩ ገደል ቢገባ ማኅበሩ መፈረም አይችልም። ከሦስት ሰው ሁለቱ ሲፈርሙ ይጽና። ከሁሉ በላይ ዋጋው ይጻፍ! ከረጢቱ በስንት ብር እንደተሸጠ ካልተመዘገበ፣ ለቆፋሪው ምን ፈየደለት?

ድንጋይ ቆራጭ፦ ዋጋው ከተጻፈ ገዢው አይፈርምም፣ አብሽሪ። ግማሹን ብር ከመዝገብ ውጭ በእጅ ነው የሚሰጥሽ።

የማኅበር ሂሳብ ሠራተኛ፦ ያልፈረመ ገዢ ከረጢት አይወስድም ብለን በጠቅላላ ጉባኤ እንወስናለን። በእጅ የሚሰጠውን ግን፣ ጋሼ፣ የሶፍትዌር ሠሪውም ብሎክቼይን የእኔም ደብተር አይይዘውም፤ ለእሱ መላ ያለው ይጻፍ።