ለፊት ገጽ ሳቅ የት ይኬዳል? የአራት ኪሎና አካባቢው ጥቆማ

ጠያቂ፦ የሳምንቱን ጋዜጦች የፊት ገጽ ጎን ለጎን እያየሁ መሳቅ ነው የምፈልገው፤ በተለይ ርዕሱ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆኑትን። መሀል አዲስ አበባ ውስጥ መግዛት ያዋጣል ወይስ መከራየት? የድሮዎቹንስ የት ላግኛቸው?

ከአራት ኪሎ፦ ተከራይ ወንድሜ። ለርዕሱ ብሎ ጋዜጣ የሚገዛ ለሽታው ብሎ ክትፎ እንደሚያዝ ሰው ነው። አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ያለበት ሰፈር ስለሆነ ጋዜጣው ቀለሙ ጣት እያጠቆረ ነው የሚደርስህ። አከራዮቹ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ነፋስ እንዳይወስድባቸው ጠጠር ጭነውበት ታገኛቸዋለህ። በ2016 ፒያሳ በሰፊው ከፈረሰና ኮሪደሩ ከመጣ ወዲህ መቀመጫው ስለተቀያየረ የድሮውን ድንጋይ ፍለጋ አትንከራተት፤ ሊስትሮዎቹን ጠይቅ።

ሒሳቡ በጋዜጣ ይሁን በሰዓት ከመቀመጥህ በፊት ጨርስ። ከዚያ መጀመሪያ የምታደርገው ጋዜጣውን መገልበጥ ነው። ታብሎይድ (አነስ ያለው የጋዜጣ ቅርጽ) በወርዱ ስለሚታጠፍ መሬት ላይ የሚታይህ የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው። «ከተማዋን ያናወጠው ጉድ» የሚለው ከላይ፣ «ሲሉ ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ አንድ ነዋሪ ተናገሩ» የምትለዋ ደግሞ ከእጥፉ በታች ናት።

ሁለተኛ፣ ገጽ ቁጠር። የኪራይ ጋዜጣ ሆድ ዕቃው ይጎድላል፤ ክፍት የሥራ ቦታና ጨረታ የሚቀድድ አይጠፋም። አንድ የታብሎይድ ወረቀት አራት ገጽ ይይዛል። ባለ 16 ገጽ ከሆነ አራት ወረቀት አለው ማለት ነው፤ አንድ ላይ የሚሄዱትም 1፣ 2፣ 15፣ 16፤ ቀጥሎ 3፣ 4፣ 13፣ 14፤ ከዚያ 5፣ 6፣ 11፣ 12፤ መሀሉ 7፣ 8፣ 9፣ 10 ነው። ጎን ለጎን የታተሙት ሁለት ገጾች ተደምረው ሁሌም 17 ይመጣሉ። የፊት ገጹ «ወደ ገጽ 13 ዞሯል» ካለህና ገጽ 3 ከሌለ፣ ዜናው ከሥራ ማስታወቂያው ጋር አብሮ ሄዷል። ገጽ 3 ኖሮ ገጽ 13 ላይ የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ካገኘህ ግን ጥፋቱ የአከራዩ አይደለም፤ ዜናው ከመጀመሪያውም አልዞረም።

አራሚ፦ ከላይ ያለው ልክ ነው። የትኛውን ልከራይ ለሚለው ደግሞ የርዕሱን ማሰሪያ አንቀጽ እይ። በእኛ ቋንቋ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ርዕስ ጸሐፊው እስከዚያ ድረስ እንደፈለገ ሊያስደነግጥህ ይችላል። «አስታወቀ» ካለ ባለቤት አለው፤ ማን እንዳስታወቀ ውስጥ ታገኛለህ። «ተገለጸ» ካለ ገላጩ ጠፍቷል። «ተባለ» ካለ ማንም አላለም። «ሳይሆን አይቀርም ተባለ» ለሚለው ሙሉ የኪራይ ሒሳብ መክፈል ተገቢ ነው፤ በአንድ መስመር ሁለት ማምለጫ በር የሠራ ሰው ዋጋው ሊቀነስበት አይገባም።

ከዚህም የባሰው ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ነው፦ «ዝነኛው ድምፃዊ ምስጢሩ ሲጋለጥ…»። ሲጋለጥ ምን ሆነ? ምንም። ሦስቱ ነጥቦች ናቸው የሚሸጡት። «?!» አንድ ላይ ሲቆሙም አዘጋጁ ነገሩን አላመነበትም፤ ሆኖም ደንግጧል ማለት ነው።

የእንግሊዙ ሰን ጋዜጣ በፈረንጆች 1986 «ፍሬዲ ስታር ሃምስተሬን በላ» ብሎ የፊት ገጹን ሞልቶ ነበር፤ ሃምስተር አይጥ መሳይ የቤት እንስሳ ነው። ኮሜዲያኑ አልበላሁም ብሏል። ውሸት ይሁን እንጂ ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ ማን እንደበላ፣ ምን እንደተበላ ይናገራል። እኛ ዘንድ ቢሆን «ታዋቂው ኮሜዲያን ምን በላ?!» ተብሎ ወደ ገጽ 13 ይዞር ነበር።

ሌላ የማይታለፍ ነገር፣ ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ሚኒስትሩ ነገ ይሰማሉ» ሲል ማ ቢላላ አቤቱታ ሊያዳምጡ ነው፤ ሰና ማ ቢጠብቁ ራሳቸው ተጠያቂ ሆነው ሊቀርቡ ነው። «አጥቂው ይመታል» በሚለው የስፖርት ርዕስም ኳሱ ይሁን ሰውየው የሚመታው አይታወቅም። ቦታ ጠበበን ብለው «ን»ን ሲያስቀሩት ደግሞ ማን ማንን እንደከሰሰ በዕጣ ነው። ጮክ ብለህ በሁለቱም መንገድ አንብበው፤ ሁለቱም ስሜት ከሰጠ ያ ርዕስ ለስብስብህ ይሆናል።

አንቱታውንም ተከታተል። ባለሥልጣኑ በወንበሩ ሳለ «አስገነዘቡ»፣ «አሳሰቡ» ይባላል። በሳምንቱ «ተያዘ» የሚል ካየህ፣ አንቀጹን ሳታነብ የወንበሩን ነገር ከአንድ ፊደል አወቅህ።

ገጽ አቀናባሪ፦ አራሚው ያልነካውን ልጨምር። አንዳንዴ አንቱታውን የሚያወርደው አዘጋጁ ሳይሆን ቀለሙ ነው። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፤ ፊደሉ በጣም ደማቅ ሆኖ ጥቁር ጥላና ነጭ ጠርዝ ሲጨመርበት የ«ሙ» ቅጥል ይዋጥና «ተሸለሙ» «ተሸለመ» ይሆናል። ርዕሱ አልገባ ሲል ፊደሉን ወደ ላይ መሳብም የተለመደ ነው፤ «በ» እግሩ ረዝሞ ቀጭኔ ይመስላል። መፍትሔው ከርዕሱ ሁለት ቃል መቀነስ ነበር፤ ነገር ግን «አስደንጋጭ» የሚለውን ማን ደፍሮ ያወጣል?

ባለ ቀለም ፎቶ ላይ ሰውየው ሁለት አፍንጫ ካለው አራቱ ቀለሞች በየሰሌዳቸው ሲታተሙ አልገጠሙም ማለት ነው። በዚያ ቀን ከዚያው ጥቅል የወጣ ሌላ ቅጂ ደህና ሊሆን ስለሚችል ለማስቀመጥ የምትገዛ ከሆነ ሦስት አራቱን ገልጠህ ምረጥ፤ አዟሪው ቢያጉረመርም ቻለው። የፊት ገጹ ባለ ቀለም ከሆነ የኋላውም ባለ ቀለም የሚሆነው አንድ ወረቀት ስለሆኑ ነው። ከፊት እሪታ፣ ከጀርባ የባንክ ፈገግታ የሚገጣጠመውም ለዚያ ነው፤ የእሪታውን ቀለም የሚከፍለው ፈገግታው ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ የድሮውን ለሚፈልግ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው፤ ከ1936 ጀምሮ ያለ ቤት ስለሆነ ጋዜጦቹ በጥራዝ ተይዘው ይገኛሉ። ሁለተኛው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ሁለቱም ጋ መታወቂያ ያዝ፤ «የድሮ ጋዜጣ» አትበል፣ ስሙን፣ ዓመቱንና ወሩን ጽፈህ ሂድ። ጥራዝ ከሆነ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ጀርባው ይሰበራል፤ አስፈቅደህ ያለ ፍላሽ በስልክ አንሳ።

ለሳቅ የማቀርበው ዘመን ከ1985 እስከ 1997 ያለው ነው። የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት ብዙዎቹ ተዘጉ። ተቃራኒውን በሽታ ማየት ከፈለግህ በ1933 የተጀመረውን አዲስ ዘመን በደርግ ዘመን ጥራዙ ጠይቅ፤ የሊቀመንበሩ ማዕረግ ተዘርዝሮ እስኪያልቅ ዜናው ምን እንደነበር ትረሳለህ። እዚያ «?!» አይገኝም። ደፋር ያስፈልገው ነበር።

ስታዲየምና ብሔራዊ አካባቢ አሮጌ የሚሸጡ አሉ የሚባለው እንደ ዕድልህ ነው። የሰፈር ሱቅ ቆሎ መጠቅለያ አንዳንዴ ይበልጣቸዋል።

ከአራት ኪሎ፦ አንድ የረሳሁት። ማነጻጸሪያ የሌለው ሳቅ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ለልኬት አንድ ሁለት ግዛ። ቅዳሜ አዲስ አድማስ፣ እሑድ ሪፖርተር። ሪፖርተር ረቡዕም ይወጣል፣ ግን ለንጽጽር የእሑዱ ይሻላል። የአድማስ ርዕሰ አንቀጽ በተረት ስለሚጀምር ተረቱ ተረት መሆኑን አስቀድሞ ይነግርሃል፤ ከሌሎቹ ጋር ያለው ልዩነትም እዚያ ላይ ነው። ሁለቱን ከተከራየኸው ጎን ዘርግተህ፣ የተመሳሳይ ዜና ርዕስ ላይ ስንት ቃል ቅጽል እንደሆነ ቁጠር። ከሦስት በላይ ካገኘህ አከራዩን ይህንን ልግዛው በለው፤ የተነበበ ስለሆነ ከሽፋን ዋጋው በታች ይሰጥሃል።

ጠያቂ፦ እና የዩቲዩብ «ሰበር ዜና» ከቀይ ቀስት ጋር?

አራሚ፦ እሱ እጥፍ የለውም፣ ገልብጠህ የምታየው ነገር የለም። ኪራዩም በዳታ ነው።