ለደብረ ማርቆስና ቡሬ መደብሮች የስቶክ (የዕቃ ክምችት) ሲስተም፦ ከየት እንጀምር? ከባለሙያውስ ጋር ምን እንዋዋል?

ቤርጋ_ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ የግንባታ ዕቃ መሸጫ፣ ቡሬ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍና መጋዘን አለን። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ በዓይነት ከሺህ ያልፋል። እስካሁን የምንሠራው በደብተርና በቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ካርድ) ነው። ሁለት ሰዎች ዋጋ አቅርበውልናል። አንዱ የአዲስ አበባ ድርጅት ነው፤ ሲስተሙ በኢንተርኔት ብቻ ይሠራል፣ ክፍያውም በየወሩ ነው። ሌላው እዚሁ ማርቆስ ያለ ወጣት ባለሙያ ነው፤ እኛው ኮምፒውተር ላይ ይጭናል፣ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ነው። የቱ ይሻላል? ከባለሙያው ጋርስ ምን ብለን እንዋዋል? የመብራቱንና የኔትዎርኩን ነገር ታውቁታላችሁ።

ስቶር_ሒሳብ

ሶፍትዌር መምረጡ ይቆይ፤ መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝራችሁ ይስተካከል። በግንባታ ዕቃ ንግድ ሲስተም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መለኪያ ላይ ነው።

ብረትን ውሰዱ። ሲገባ በኪሎ ይመዘናል፣ ሲሸጥ በቤርጋ (በዘንግ) ይቆጠራል። የአንድ ሜትር ክብደት የሚገኘው ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። ባለ 12 ብረት 144 ለ162 ሲካፈል በሜትር 0.889 ኪሎ፣ 12 ሜትሩ ቤርጋ ደግሞ 10.67 ኪሎ ይሆናል። ባለ 8 ቤርጋ 4.74 ኪሎ ነው። ይህ ግን የወረቀት ስሌት ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣው ብረት ትንሽ ሊቀል ወይም ሊከብድ ይችላል። 100 ኩንታል ባለ 12 ቢገባላችሁና ሲስተሙ ራሱ ወደ ቤርጋ ቢቀይረው 937 ብሎ ይመዘግባል። ብረቱ በመቶ 3 ከቀለለ ግን መጋዘኑ ውስጥ ያለው 966 ነው። ሲስተሙ የማያውቃቸው 29 ቤርጋዎች አሉ ማለት ነው፤ ቢወጡም ማንም አያውቅም። ብረቱ ከብዶ ከመጣ ደግሞ ጉድለቱ ምንም ያላጠፋው ስቶር ኪፐር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ስቶኩ በቤርጋ ይያዝ፤ መኪናው ሲራገፍ ተቆጥሮ ይግባ። ኪሎው ለመግዣ ዋጋ ስሌት ብቻ ይጻፍ።

ሲሚንቶም እንደዚሁ ነው። 50 ኪሎው ከረጢት ይሁን መለኪያው ወይስ ኩንታሉ? አንዱን ቁረጡ። አንዱ ሻጭ በኩንታል፣ ሌላው በከረጢት ከመዘገበ ስቶኩ በእጥፍ ይሳሳታል።

የዕቃ ኮድ በቁጥር ብቻ ይሁን፤ ስድስት አኃዝ ይበቃል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምድቡን ያሳያሉ። ምክንያት አለው። ባርኮድ ማንበቢያው ለኮምፒውተሩ እንደ ኪቦርድ ነው፤ ኮዱ ላይ ፊደል ካለበትና የአማርኛ መጻፊያው ክፍት ከሆነ የሚገባው የግዕዝ ፊደል ይሆናል፣ ሲስተሙም «ዕቃው የለም» ይላል። የአማርኛ ፍለጋውንም ሞክሩት፦ «ዕቃ» ተብሎ የተመዘገበ በ«እቃ» ሲፈለግ ይወጣል ወይ? ካልወጣ ያው ዕቃ ሁለት ሦስት ጊዜ መመዝገቡ አይቀርም።

ዝርዝሩን መጀመሪያ ኤክሴል ላይ የምታዘጋጁ ከሆነ ቀኑን ተጠንቀቁ። ኤክሴል የኛን ቀን መቁጠሪያ አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብላችሁ ብትጽፉ ለእሱ ሁለተኛው ወር የፈረንጁ ፌብሩዋሪ ስለሆነና 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደዋል፤ ጥቅምት 5 ግን እንደ ቀን ይገባል። ሁለቱ ሲደባለቁ በወር ስታጣሩ መስመሮች ይጎድላሉ። ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉትና 2018-02-30 እያላችሁ ጻፉ፤ ጳጉሜም 13 ሆና በቦታዋ ትሰለፋለች።

ቆጠራው በሰኔ 30 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዓመቱ መዝጊያ ጋር ይገጥማል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጤት አይይ።

ሲስተም_ቡሬ

ስቶር_ሒሳብ መሠረቱን ተናግሯል። እኔ በኢንተርኔት ብቻ ለሚሠራው አልመክርም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው፤ እንዲህ ሲሆን ዋጋ ማየት የማይችል መደብር በሩን ከመዝጋት አይተናነስም። የሚሻለው በየመደብሩ ራሱን ችሎ እየሠራ ኔትዎርክ ሲገኝ ከሌላው ጋር የሚናበብ ነው። ሁለቱንም አቅራቢዎች በአንድ መንገድ ፈትኗቸው፦ ሲስተሙን ሲያሳዩአችሁ የኔትዎርክ ገመዱን ንቀሉ፣ በሁለቱም ኮምፒውተሮች ሦስት ሦስት ሽያጭ መዝግቡ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ስድስቱም በየራሳቸው ቁጥር ከገቡ ደህና ነው። የደረሰኝ ቁጥር ከተጋጨ ወይም አንዱ ሌላውን ካጠፋው ተዉት። ማርቆስና ቡሬ የተለያየ መነሻ ቁጥር ይኑራቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከሶፍትዌሩ የሚወጣው ወረቀት ለራሳችሁ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያውቀውን ደረሰኝ አይተካም።

መብራትን በተመለከተ ለካሸሩ ላፕቶፕ ግዙ፤ ባትሪው አብሮት አለ። ዴስክቶፕ ካለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ያም መዝግቦ ለመዝጋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያጠፋዋል። ውስጡ ያለው 12 ቮልት ባትሪ ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ አይታመንም። የድሮ ኮምፒውተር ርካሽ ነው ብላችሁ ዊንዶውስ 10 ላይ አትጀምሩ፤ የማይክሮሶፍት ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) ለማድረግ ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይበቃል። አንዱ ማታ ተገልብጦበት ይነቀልና ቤት ይገባል፣ በማግስቱ ሌላው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ባክአፕ አይባልም፤ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ሲገባ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለ ብሎ መተማመን አይቻልም።

ቤርጋ_ማርቆስ

እግዜር ይስጥልን። ዱቤውስ? ኮንትራክተሮች ወስደው ሳይት ሲያልቅ ነው የሚከፍሉት።

ስቶር_ሒሳብ

የመነሻ ዕዳውን ሲስተም ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር ተሳስባችሁ በሁለት ቅጂ ተፈራረሙ። ከደብተር በቀጥታ የተገለበጠ ዕዳ በኋላ ክርክር ያመጣል፤ ሲስተሙም በሰው ዘንድ ውሸታም ይባላል። ለእያንዳንዱ የዱቤ ጣሪያ ይቀመጥ። ጣሪያውን የማለፍ ፈቃድ የባለቤቱ ብቻ ይሁን፣ ካሸሩ አይኑረው። ዕቃውን የወሰደው ሹፌር ወይም ፎርማን ስምም ዕቃ በወጣ ቁጥር ይጻፍ፤ «እኔ አላዘዝኩም» የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ውል_ይቅደም

ወደ ሰውዬው ጉዳይ ልመለስ፤ ከሲስተሙ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ግንኙነቱ ነው።

ለወጣቱ ባለሙያ አንድ ጊዜ ከፍሎ መሸኘት ለእናንተ ርካሽ ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን የናንተ ነው። ከከፈላችሁት በኋላ ስልኩን የሚያነሳበት ምክንያት የለውም፤ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል። ዋጋውን ለሁለት ክፈሉት፦ የተከላና የዓመት ጥገና። ለጥገና በዓመት ከሶፍትዌሩ ዋጋ በመቶ 15 እስከ 20 የተለመደ ነው። በዚህ ክፍያ ምን እንደሚካተት ይጻፍ፦ ሽያጭ ከቆመ በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ በርቀት ገብቶ መሥራት ካልቻለ ቡሬ ድረስ ትራንስፖርቱን ማን ይችላል፣ አዲስ ሪፖርት ሲታዘዝ ለብቻ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም።

የተከላውን ክፍያ በሦስት ከፋፍሉት። በመቶ 30 ሲጀምር፣ 40 ዕቃው ተመዝግቦ ሠራተኛ ሲሠለጥን፣ ቀሪው 30 አንድ ሙሉ ወር ከደብተሩ ጎን ለጎን ተሠርቶ የወሩ መዝጊያ ሲገጥም። ያ ወር ለሠራተኛው ድርብ ሥራ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ካልተከፈለው አንዱን ይተዋል፣ የሚተወውም ሲስተሙን ነው።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር አይቅር። ዳታው የእናንተ ነው፤ በጠየቃችሁ ጊዜ በኤክሴል ያስረክባል። የአድሚን ፓስወርድ (ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ የሚያዝዘው) በታሸገ ፖስታ ባለቤቱ ዘንድ ይቀመጣል፣ ሲቀየርም ፖስታው ይቀየራል። በኢንተርኔት የሚከፈት ማንኛውም አካውንት በባለሙያው ሳይሆን በድርጅቱ ስልክና ኢሜይል ይከፈታል። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ባለሙያው ስልኩን ሲቀይር ግን ማረጋገጫ ኮዱ የሚላክበት ቁጥር አብሮት ይሄዳል።

የኮምፒውተርና የፕሪንተር ግዥ ላይ ግልጽ ሁኑ። ዝርዝሩን እሱ ይጻፍ፣ ግዥውን እናንተ ፈጽሙ፤ ወይም እሱ ገዝቶ ያምጣና ትርፉ ስንት እንደሆነ ተነጋገሩ። ማትረፉ ነውር የለውም። መተማመንን የሚያፈርሰው ተደብቆ መያዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛ ምክሩንም እንደ ንግድ ታዩታላችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሲስተሙን ቢያንስ አንድ ዓመት የተጠቀመ መደብር ስም ጠይቁትና ሄዳችሁ እዩ። ባለቤቱን ሳይሆን ካሸሯን አናግሯት፦ «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? ተመላሽ ዕቃ እንዴት ትመዘግቢያለሽ?» ደብተር ከጠረጴዛው ሥር ካወጣች መልሱን አገኛችሁ።

ባለሙያውም ቢሆን ብቻውን አይሁን። ለዕቃ ምዝገባና ለመለያ ልጠፋ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎችን ጠይቁ፤ አድሚን ፓስወርድ ግን አይሰጣቸውም። ባለሙያው በመጣ ቁጥር ምን እንደነካና ለምን እንደነካ በአንድ ገጽ ጽፎ ይተውላችሁ። ነገ ሌላ ሰው መጥራት ግድ ቢሆን የሚያነበው እሱን ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም።

ሲስተም_ቡሬ

ውል_ይቅደም ላይ አንድ ልጨምር፦ በርቀት መግቢያው ሁልጊዜ ክፍት አይሁን። ባለሙያው ሲደውል ካሸሯ ትክፈትለት፣ ሲጨርስ ትዝጋው።