የድሮ የአውሮፓ ነጋዴዎች ደብዳቤያቸውን በማን ይልኩ ነበር?

እህል ነጋዴዋ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የባቲን የማሾ ዋጋ የምሰማው በስልክ ነው። ኔትወርክ የጠፋ ሰሞን ግን ብጣሽ ወረቀት ጽፈው በመኪና ረዳት ይልኩልኛል። አንዴ ወረቀቷ እኔ ጋ ሳትደርስ ሌላ ነጋዴ አይቷት፣ ማሾውን ለቃቅሞ ጠበቀኝ። ወላሂ ተቃጠልኩ! ታዲያ ስልክ በሌለበት ዘመን የፍሎረንስና የአንትወርፕ ነጋዴዎች ማንን አምነው ነው ደብዳቤ የሚልኩት?

መምህሩ (ኮምቦልቻ)፦ እህቴ፣ ማንንም አላመኑም። የፍሎረንስ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1357 ወጪ ተጋርተው የጋራ መልእክተኛ አቋቁመዋል። ከረጢቱ የሁሉንም ደብዳቤ ይዞ ስለሚገባ ግን ያንቺው ጣጣ እዚያም ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን የኖረ አንድ ፍሎረንሳዊ ነጋዴ የጻፈው ምክር አለ፦ ከራስህ ደብዳቤ ጋር የሌላ ሰው ከመጣልህ መጀመሪያ የራስህን አንብብ፣ የሚገዛውን ግዛ፣ የሚሸጠውን ሽጥ፤ የሰውየውን ከዚያ በኋላ ስጠው። አየሽ? መፍራት የነበረባቸው ተሸካሚውን ሳይሆን የሙያ ጓደኛቸውን ነው።

እንዳይጠፋባቸው ደግሞ አንዱን ደብዳቤ ሁለት ሦስት ቦታ ገልብጠው በተለያየ መንገድና መርከብ ይሰዱታል። ወረቀቱ ጉድ ነው! በ1410 የሞተው የጣሊያኗ ፕራቶ ነጋዴ ፍራንቼስኮ ዳቲኒ ብቻ 150,000 ያህል ደብዳቤ ተገኝቶለታል። ፍጥነቱም አይናቅም። ፖስታ ያመላልስ የነበረው የታክሲስ ቤተሰብ በ1516 ለስፔኑ ንጉሥ ለቻርልስ የገባው ውል ከብራስልስ እስከ ኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ በሙቀቱ ወራት በአምስት ቀን፣ በብርዱ በስድስት ቀን የሚያደርስ ነበር። ፈረስ በየጣቢያው ይቀየራል። የነጋዴ ደብዳቤም አብሮ ይሄድ ነበር።

የቀድሞ ረዳት፦ ሁሌ ረዳት! ሳታሽጉ አጥፋችሁ ትሰጡናላችሁ፣ የሻይ እንኳ አትሉም። ለመሆኑ እነዚያን ማን ነበር የሚከፍላቸው?

መምህሩ፦ ብዙ ጊዜ ተቀባዩ። አልከፍልም ካለ ወይም ከጠፋ ደብዳቤው ይቀራል። ሲሞን ደ ብሪየን የሚባል የዘ ሄግ የፖስታ ኃላፊ እንዲህ የቀሩትን ሳጥን ውስጥ አጠራቅሞ ነበር፤ ከ1689 እስከ 1706 ያሉ 2,600 ያህል ደብዳቤዎች። ያልተከፈቱም አሉባቸው። ስለማሸጉ እውነትህን ነው። እነሱ ወረቀቱን ራሱን አጣጥፈው፣ በስለት በስተው፣ በቀጭን ቁራጭ ወረቀት አስረው በሰም ያትሙታል። የከፈተው ሰው ይታወቅበታል።

እህል ነጋዴዋ፦ ቅጂው ተመቸኝ። ግን ሁለቱ በተለያየ ቀን ቢደርሱ ሰውዬው ሁለት ጊዜ አይገዛም? አሥር ኩንታል ያልኩት ሃያ ሆኖ ቢመጣብኝስ!

መምህሩ፦ የነጋዴ ጥያቄ ነው። ደብዳቤው ገና ሲጀምር፦ በዚህ ቀን ጽፌልህ ነበር፣ ይህ የእሱ ቅጂ ነው፣ የአንተ የዚህ ቀኑ ደርሶኛል ይላል። ተቀባዩም የደረሰበትንና የመለሰበትን ቀን ጀርባው ላይ ጽፎ ያስቀምጣል።

የቀድሞ ረዳት፦ ቅጂ ከተባለ እንግዲህ ለሁለት ረዳት መከፈሉ አይቀርም።