ሆንትድ ማንሽን ለ4 አመት ልጅ ይሆናል? የገባችሁበት ንገሩኝ

የሁለቱ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው፣ ትኬቱ ተቆርጧል ሆቴሉም ተይዟል፣ የቀረኝ ራስ ምታት ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ያለው ሆንትድ ማንሽን የሚሉት የመናፍስት ቤት ነው። ትልቁ ልጄ 8 አመቱ ነው፣ ቪዲዮውን ካየ ጀምሮ ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኛል። እህቱ ደሞ 4 አመት ከ5 ወር ናት፣ እሱ ያደረገውን ሁሉ ካላደረገች አትለቅም፣ ግን ማታ የኮሪደሩ መብራት ከጠፋ እንቅልፍ የለም። ዌብሳይቱ ላይ የቁመት ገደብ የለውም ይላል። ባለቤቴ «ገደብ ካልጣሉበት ለልጅ የሚሆን ነው ማለት ነው፣ አታካብጂ» ይለኛል። እውነት ነው? ላስገባት ወይስ ይቅርባት? ቀን አበላሽቼ እሷን ስባብል እንዳልውል ነው ፍራቻዬ።

ሮለር አባት፦
እህቴ ባልሽን ሰላም በይልኝና ይሄን ንገሪው፣ የቁመት ገደብ የሚወጣው ለሰውነት ነው እንጂ ለልብ አይደለም። ማሰሪያው ልጁን አጥብቆ ይይዘዋል ወይ፣ ሲወረወር ሾልኮ ይወጣል ወይ፣ እሱን ነው የሚያዩት። እዛው ዲዝኒ ያሉት ስፔስ ማውንቴን 112 ሳንቲሜትር፣ ታወር ኦፍ ቴረር 102 ሳንቲሜትር የሚሉት ስለሚወረውሩና ስለሚጥሉ ነው። ሆንትድ ማንሽን ሰው በእግሩ ከሚሄደው ብዙም አይፈጥንም፣ ስለዚህ የሚለካ ነገር የለም። ማስፈራቱን ማንም በሜትር አልለካልሽም። ያለው ህግ ከ7 አመት በታች የሆነ ልጅ 14 አመት ከሞላው ሰው ጋር ብቻ ይግባ የሚል ነው፣ ሁለቱን ብቻቸውን ልላካቸው ካልሽ አይሆንም።

አሁን ውስጡን ልንገርሽ፣ ሰርፕራይዝ የምትወዱ ይሄን ዝለሉት። መጀመሪያ ቁጭ አትሉም፣ ትቆማላችሁ። ስምንት ጎን ያላት ጠበብ ያለች ክፍል ውስጥ ከማታውቁት ሰው ጋር ታጭቃችሁ ትቆሙና በሩ ይዘጋል፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ስእሎች ወደ ላይ እየረዘሙ ይሄዳሉ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ መስኮትም በርም የለም እያለ ያላግጣል፣ ከዛ መብራት ድርግም ይልና በመብረቁ ብልጭታ ጣሪያው ላይ የተሰቀለ ሰው ይታያል፣ ጩኸት፣ ድቅድቅ ጨለማ። በቃ። ሰከንዶች ናቸው፣ ግን እኔ የልጅ ልቅሶ በብዛት የምሰማው እዚች ክፍል ውስጥ ነው፣ ምክንያቱም 4 አመት ልጅ ከታች ሆና የምታየው የሰው ቂጥና ጨለማ ብቻ ነው (ይቅርታ)። ካስገባሻት እዚህ ጋ ጀርባ ላይ ሳይሆን ደረት ላይ እቀፏት፣ ፊቷ ወዳንቺ ይሁን።

ከዛ በኋላ ያለው በጣም ይሻላል። ዱም በጊ የሚሏት ጥቁር ወንበር ናት፣ ከኋላና ከጎን እንደ ዛጎል የከበበች፣ ሁለት ትልቅ ሰውና መሃል ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ትይዛለች፣ ወደሚታየው ነገር ራሷ እየዞረች ትሄዳለች። በሩ ከውስጥ ይደበደባል ያብጣል፣ ማዳም ሊዮታ የምትባል የሴት ጭንቅላት ኳስ ውስጥ ሆና ታወራለች፣ መናፍስት የሚደንሱበት ትልቅ አዳራሽ አለ፣ ጣሪያ ስር መጥረቢያ የያዘች ሙሽራ አለች፣ መቃብሩ ጋ ከድንጋይ ኋላ ብቅ የሚሉ ራሶች አሉ ግን እየዘፈኑ ነው። 8 ደቂቃ አካባቢ ነው ሁሉም። መጨረሻ ላይ መስታወት ውስጥ አንድ መንፈስ መሃላችሁ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ልጆች እዚህ ጋ ይስቃሉ፣ ከደረሱ።

ኬጂ ቲቸር፦
ጥያቄው «ይሆናል አይሆንም» ሳይሆን «የትኛዋ ልጅ ናት» የሚለው ይመስለኛል። የቤት መጥረጊያው ቫክዩም ሲነሳ ጆሮዋን ትይዛለች? ልደት ላይ ፊኛ ሲፈነዳ ምን ትሆናለች? ልብስ ስትለብስ ጭንቅላቷ አንገትጌው ውስጥ ሲያዝ ትጮሃለች? እኔ 4 አመት ልጆችን አመታት አስተምሬያለሁ፣ አንዳንዱ ምስሉ ምንም አይመስለውም ድምፅ ነው የሚያርደው፣ አንዳንዱ ደሞ መታጠርን አይችልም። ዱም በጊዋ ውስጥ ድምፁ ከጆሮሽ አጠገብ ካለ ስፒከር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ድምፅ የምትፈራ ከሆነ የጆሮ መከላከያ ያዢላት፣ መናፍስቱ ቀላል ናቸው።

ሌላው ነገር፣ «የውሸት ነው» ብለሽ ብቻ አትተማመኚ። በዚህ እድሜ ውሸት ነው አይደል ስትያት አዎ ውሸት ነው ትልሻለች፣ ግን ማታ ላይ አልጋዋ ስር ያለው እውነት ነው። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

ዳኛ 44፦
ኧረ ባካችሁ ልጁን በጥጥ ጠቅልላችሁ ልታሳድጉት ነው እንዴ። እኛ ጭራቅ መጣልህ፣ አያ ጅቦ ይበላሃል እየተባልን አይደል ያደግነው፣ ምን ሆንን? ይዘሻት ግቢ፣ ታለቅሳለች፣ ትወጣለች፣ ታልፋለች፣ በሚቀጥለው ራሷ ነች እንግባ የምትልሽ። ልጅ የሚፈራው እናቱ ስትፈራ ሲያይ ነው።

የ3 ልጆች አባት፦
ዳኛ ወንድሜ የመጨረሻዋ አረፍተነገርህ ላይ እስማማለሁ፣ በቀረው አልስማማም። እኔ ልክ እንዳንተ ብዬ መካከለኛውን ልጄን 5 አመቱ እያለ አንድ ፓርክ ውስጥ በእግር የሚገባበት የሚያስፈራ ቤት ይዤው ገባሁ። አልገባም ብሎኝ ነበር፣ በሩ ላይ ሱሪዬን ይዞ። «ወንድ አይደለህ» አልኩት (አሁን ሳስበው አፍራለሁ)። አንዱ ጭምብል የለበሰ ሰራተኛ ከጎን ዘሎ ፊቱ ላይ ጮኸበት። ልጁ አላለቀሰም፣ ዝም አለ፣ ዝም ማለቱን እኔ እንደ ጀግንነት ቆጠርኩለት። ከዛ በኋላ ለ4 ወር ሽንት ቤት ብቻውን አልሄደም። ሳያለቅስ ዝም ያለውን ፍሩ፣ የሚያለቅሰውስ ነግሯችኋል። እኛም ጭራቁ ምንም አላደረገንም እንላለን እንጂ እኔ እስካሁን የቁም ሳጥን በር ገርበብ ብሎ መተኛት አልችልም ሚስቴን ጠይቃት።

ለጠያቂዋ፣ ሆንትድ ማንሽን ግን እንደዛ አይደለም፣ በጉዞው ላይ የሚነካሽ የሚያሳድድሽ ሰው የለም፣ ሁሉም ማሽን ነው። ሰው ለብሶ የሚያሳድድበት ለምሳሌ ዩኒቨርሳል የሚባለው ሌላ ፓርክ በሃሎዊን ሰሞን ማታ የሚያዘጋጀው ሆረር ናይትስ ነው፣ እሱን ራሳቸው ከ13 አመት በታች አንመክርም ብለው ጽፈውታል። ሁለቱን አታምታቺ።

ዳኛ 44፦
እሺ ወንድ አይደለህ የሚለውን እኔም አልልም። የቁም ሳጥኑ ግን አሳቀኝ።

የመድረክ መብራት፦
እኔ ቲያትር ቤት መብራት ላይ ነው የምሰራው። ለ8 አመቱ ልጅ አሪፍ የቤት ስራ ልስጥሽ። ያ የሚደንሱት መናፍስት አዳራሽ ፊልም አይደለም፣ እንደ መስኮት ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ትልቅ መስታወት ነው። በ1862 ለንደን ላይ ጆን ሄንሪ ፔፐር የሚባል ሰው ለህዝብ ያሳየው ዘዴ ነው፣ ዛሬም የፔፐር መንፈስ ነው የሚባለው። ማታ የሳሎኑን መብራት አብርታችሁ መስኮት ጋ ቁሙ፣ ውጭ ጨለማ ይሁን፣ ልጁ የራሱን ምስል ውጭው ላይ ቆሞ ያየዋል፣ ውጭ ያለው ዛፍም በሰውነቱ ውስጥ አልፎ ይታያል። እሱ ነው በቃ። መብራቱን አጥፋ አብራ አድርጉት፣ መንፈሱ ይሄዳል ይመጣል። እዛ አሻንጉሊቶቹ እናንተ ከማታዩበት ከላይና ከታች ተደብቀው መብራት ሲበራባቸው መስታወቱ ላይ ይወጣሉ።

ሁለተኛው፣ ላይብረሪው ውስጥ የድንጋይ የሚመስሉ ፊቶች አሉ፣ ስታልፊ አንገታቸውን አዙረው ይከተሉሻል። አይዞሩም! ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ናቸው። ተራ የፕላስቲክ ጭምብል ግዢና በጀርባው፣ ጎድጓዳው ወዳንቺ ሆኖ ግድግዳ ላይ ስቀዪው፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብለሽ አንድ አይንሽን ጨፍነሽ ግራ ቀኝ ሂጂ። ፊቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይከተልሻል፣ እያወቅሽው እንኳ አእምሮሽ እምቢ ይላል።

ኬጂ ቲቸር፦
ይሄ ለትልቁ ምርጥ ነው። ለትንሿ ግን አሰራሩን ማወቅ ብዙም ፍርሃቱን አያስለቅቃትም፣ እንደ ጨዋታ ከወሰደችው ግን ጥሩ፣ ራሷ መብራቱን ታብራ ታጥፋ፣ ማብሪያው በእጇ ሲሆን ሌላ ነገር ነው።

ፓሪስ ነዋሪ፦
አውሮፓ ላላችሁ ደሞ፣ ፓሪስ ዲዝኒላንድ ያለው የኛው የመናፍስት ቤት ፋንተም ማነር (1992 ከፓርኩ ጋር የተከፈተው) ከፍሎሪዳው የከበደ ነው፣ አፅም በደንብ አለ፣ ጨዋታው ትንሽ ነው። የአሜሪካን ቪዲዮ አይታችሁ እዚህ እንዳትመጡ፣ ስሙ እንኳ ሌላ ነው። ሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድ ያለው ሚስቲክ ማነር ግን መናፍስቱን ትተው ዝንጀሮ አድርገውበታል፣ ለልጅ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

የልጅ ልጆች አያት፦
የኔ ልጅ፣ እኔ ከልጆቼ ጋ ስሄድ ውጭ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ ስለዚህ ይሄን ስራ አውቀዋለሁ። የማትገባዋን ልጅ «አንቺ ፈሪ ነሽ ከአያትሽ ጋር ቆዪ» ካላችኋት ተበላሸ፣ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች። «እነሱ እዛ ይገባሉ፣ እኔና አንቺ ደሞ ይሄን እናደርጋለን» በሏት፣ የራሷ የሆነ ነገር ይኑራት፣ እሱም እነሱ ከመግባታቸው በፊት ይጀመር። እኔ ከልጅ ልጄ ጋ ኮፍያ እንቆጥራለን፣ ጆሮ ያለው ኮፍያ ስንት ሰው አድርጓል እያልን። ከመቶ በላይ ነው የሚሆነው፣ ወንድሟ ሲወጣ እሷ ነች ወሬ ያላት።

የሁለቱ እናት፦
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን አልረሳውም። ቲቸር፣ ቫክዩም ሳስነሳ ሌላ ክፍል ገብታ በር ትዘጋለች፣ መልሱን አገኘሁት መሰለኝ። አንድ ጥያቄ፣ እኔና ባሌ ሁለት ጊዜ ሳንሰለፍ የምንቀያየርበት መንገድ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ?

ሮለር አባት፦
ራይደር ስዊች ይባላል። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ልጅ ይዞ ይጠብቃል፣ ከዛ ዋናውን ወረፋ ሳይሰለፍ ይገባል። የቁመት ገደብ ላላቸው ራይዶች ነው የተሰራው፣ ስፔስ ማውንቴን ላይ ተጠቀሙበት። ሆንትድ ማንሽን ላይ ግን በሩ ላይ ያለውን ሰራተኛ ጠይቂ፣ ካልሆነም ጠዋት ገና ሲከፈት ሂዱ ወረፋው አጭር ነው። ደሞ ልብ በይ፣ በጊዋ አንዳንዴ መሃል ላይ ትቆማለች፣ መራመድ የሚቸግረው ሰው ሲሳፈር ምናምን፣ የቆመችው መቃብሩ ጋ ከሆነ ያው እዛው ነሽ። እሱን አስቀድመሽ ለልጁ ንገሪው። ፓይሬትስ የሚሉት የጀልባ ጉዞም እንዲሁ ገደብ የለውም ግን ጨለማ ውስጥ ጀልባዋ አንዴ ቁልቁል ትወርዳለች፣ እሱን ረስተው ሰው ሁሉ «ጀልባ ነው» ብሎ ህፃን ይዞ ይገባል።

የሁለቱ እናት (ከ6 ሳምንት በኋላ)፦
ተመለስን። ባሌና ትልቁ ጠዋት ገቡ፣ እኛ ኮፍያ ቆጠርን፣ 61 ላይ ወጡ። ልጁ «ቀላል ነው» አለ ግን የአባቱን ኪስ በአንድ እጁ ይዞ ነበር፣ አላየሁም ብዬ አለፍኩት። ትንሿ እኔም ልግባ አለች፣ እሺ ብዬ ተሰለፍን፣ በሩ ጋ ስንደርስ የተኩላ ጩኸት ተሰማ፣ «ነገ» አለች። ወጣን። በነጋታው ስንጠይቃት አሁንም ነገ። እኔም ነገ ይሁን አልኩ፣ ማንም አልሳቀባትም። ቀኑን ሙሉ ያለቀሰችው የት ጋ መሰላችሁ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ያለችው እጅ ማድረቂያ ስትጮህ። ቲቸር ጠንቋይ ነሽ እንዴ።

የመድረክ መብራት፣ መስኮቱን ከመሄዳችን በፊት ሰራነው፣ ማብሪያውን እሷ ያዘች፣ አሁን በየቀኑ ማታ ወንድሟን መንፈስ አድርጋ ታጠፋዋለች። ጭምብሉን ግን አልወደደችውም። እኔ ሳላይ አውርዳ «እንዳያየኝ» ብላ አዙራ ሰቅላዋለች። ጎበዝ ልጄ የሰቀለችው እሷ አልጋ ፊት ለፊት ነው፣ እኔ ቀድሜ ደህናውን ፊት ወደ ውጭ አድርጌላት ነበር፣ አሁን ጎድጓዳው ወደኛ ሆኖ በሄድንበት እየተከተለ ያየናል። እሷ ግን ዞሯል ብላ ለጥ ብላ ተኝታለች፣ የኮሪደሩ መብራት እንደበራ ነው።