ጥቆማ፦ ሹሩባ ለምትሠሩ፣ ለትከሻና ለእጅ አንጓ ምን ይገዛ? የት ይታይ?

ከሹሩባ ሠሪዎች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ሌሊት እጄ እየደነዘዘ ያነቃኛል፣ ትከሻዬን ይቆረጥመኛል፤ የትኛውን የእጅ አንጓ መደገፊያ ልግዛ?» እኔ ከመደገፊያው በፊት ወንበር ግዙ ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥ ሲሠራ ተሠሪዋ በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ፣ ሠሪዋ ጉልበት መሀል ነው የምትቀመጠው። የሠሪዋ ክርን ከጎኗ ብዙም አይርቅም። ሳሎን ውስጥ ግን ደንበኛዋ ረጅም ወንበር ላይ ጉብ ትላለች፤ ሠሪዋ ቆማ፣ ክንዷን አንጠልጥላ ትውላለች። ቀጭን ቁጥርጥር ከሆነማ አለቀላት። ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳት፣ ያንኑ የጣት ሥራ መደጋገም፣ አጥብቆ መሳብ፣ ያለ እረፍት መዋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከነዚህ ነው። ደንበኛዋን ዝቅ የሚያደርግላችሁ፣ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር ያገለገለም ቢሆን ይሠራል፤ ግን ተቀምጣችሁ ፈትኑት። ፓምፑ ከደከመ ቀስ እያለ ይወርዳል። ብር ካጠረ በርጩማዋም ትበቃለች።

ወደ መደገፊያው ስንመጣ፣ መንገድ ላይ የሚሸጠው ተለጣጭ ጨርቅ ያሞቃል እንጂ አንጓን ከመታጠፍ አያግድም። ውስጡ ብረት ያለውን ከፋርማሲ ወይም ከሕክምና ዕቃ መሸጫ ግዙ። የሚደረገው ማታ፣ ለመኝታ ነው። አድርጋችሁት ሹሩባ ልሥራ ካላችሁ ትከሻችሁን ታስለፋላችሁ። የሚደነዝዘው አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሀል ጣት ከሆነ አንጓ ላይ የተጨነቀ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ካርፓል ተነል የሚሉት ነው። ነፍሰ ጡርና ስኳር ያለባት ላይ ይበረታል። ሕመሙ አውራ ጣት ሥር ከሆነ ግን አውራ ጣትን ጭምር የሚይዘውን ጠይቁ።

ወጌሻ? ለድንዛዜ አልመክርም። የተጨነቀን ነርቭ አጥብቆ ማሸት ያባብሰዋል።

ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳም አለርት ሆስፒታልም አለ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ፣ ለወረፋውም ተዘጋጁ። የግሉ ይፈጥናል፣ ግን በየቀጠሮው ነው የምትከፍሉት። ባለሙያው ቤት የሚሠራ እንቅስቃሴ የማያሳያችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ማበጠሪያ ከእጃችሁ መውደቅ ከጀመረ ወይም አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ መደገፊያውን ትታችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ የሐኪሙን ወረቀት አትጣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም እንደ አደጋው ሁሉ ከሥራ ጉዳት ይቆጥረዋል።